ቀኑ ደርሶ ነው?

«ቀኑ ደርሶ ነው» የሚለው ቃል በአገራችን ከየትኛውም ለቅሶ ቤት አይጠፋም። ክርስቲያኑ «የተቆረጠችለት ቀን ናት» ይላል፣ ሙስሊሙ «አጀሉ ነው» ይላል፣ ሐዘንተኛውም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። ቃሉን አልጠላውም። አባቴ ዕድሜ ጠግቦ፣ ልጆቹ ከበውት ባረፈ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ይህንኑ ደጋግመው ሲሉኝ ልቤ ተጽናንቷል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል ሲነገር ዝም ብዬ መስማት የሚያቅተኝ አንድ ዓይነት ሞት አለ። ብርድ አላስተኛ ያለው ሰው ከሰል ያቀጣጥልና ፍሙን ወደ ክፍሉ ያስገባል፤ በርና መስኮቱን ጠርቅሞ ይተኛል። በማግስቱ ጎረቤት በር ሰብሮ ይገባል። ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳኑ ውስጥም «ምን ይደረግ፣ ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል።

ምን ይደረግ? ለዚህ ጥያቄ መልስ አለ ብዬ ስለማምን ነው ብዕር ያነሳሁት።

ቄስ አይደለሁም፣ ሊቅም አይደለሁም። የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ያነበብኩት በራሴ ነው። እንጀራዬ ያረጁ የጭቃ ቤቶችን መጠገን ነው። አባቴም መራጊ ነበር፤ በልጅነቴ ጭቃ ስረግጥለት፣ ጭድ ሳቀብለው ነው ሙያውን የለመድኩት። ጉለሌን፣ ሰባተኛን፣ ጨርቆስን፣ የአራት ኪሎን ጓሮዎች ከግድግዳቸው ጀምሬ አውቃቸዋለሁ። የትኛው ቤት በክረምት እንደሚያልበው፣ የትኛው በህዳር ውርጭ እንደሚያንቀጠቅጥ ከደጅ ቆሜ ብናገር ብዙም አልስትም።

የጭቃ ቤት በራሱ ክፉ ቤት አይደለም። የባህር ዛፍ እንጨት ቆሞ፣ ማገር ተመቶ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ሲመረግበት ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል። ጣጣው ከላይ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በህዳርና በታህሳስ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው የቤቱን ሙቀት ወደ ሰማይ ለቆ ይጨርሰዋል፤ ሲነጋጋ ከውስጥ በኩል ጤዛ ቋጥሮ አልጋ ላይ ያንጠባጥባል። ቀትር ላይ ያው ቆርቆሮ እንደ ምጣድ ይግላል። እናም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ሕፃን ልጅ በምሳ ሰዓት በላብ ተጠምቆ በሌሊት በብርድ ሲያለቅስ ታገኙታላችሁ። የቀድሞ ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር አቡጀዲ ወጥረው፣ ኖራ ቀብተው ኮርኒስ ያበጁ ነበር። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ተይዞ የሚቀረው አየር ብርዱንም ሙቀቱንም ያስታግሳል። ያ አቡጀዲ በዝናብ በስብሶ፣ አይጥ በልቶት ሲወርድ ግን ብዙ ጊዜ የሚተካው የለም። ባህር ዛፉም እየደረቀ ሲሄድ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ከጣራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ይላቀቃል። ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ከልጅነቱ ከእሳት ጋር ተኝቷል። በሣር ጎጆ ውስጥ እሳቱ መሐል ቤት ይነዳል፣ ጭሱ በሣሩ መሐል ሾልኮ ይወጣል። ጭሱ ዓይንን ይጎዳል፣ ደረት ያሳምማል፣ የእናቶቻችንን ሳንባ አቃጥሏል፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ቢሆንም ጎጆው ይተነፍሳል። ያ ሰው ከተማ መጥቶ ክፍል ሲከራይ የእሳቱን ልማድ ይዞ ይመጣል፤ የሚያርፍበት ክፍል ግን መተንፈሻው በላስቲክ፣ በጋዜጣና በማዳበሪያ የተደፈነ ነው። ቤቱ በስንጥቁ ብርድ ያስገባ በነበረ ጊዜ ነዋሪውን ያሳምመው እንደሆነ እንጂ በአንድ ሌሊት አይገድለውም። ስንጥቁን በላስቲክ ደፍነው ፍም ያስገቡበት ዕለት ግን ያው ቤት ገዳይ ይሆናል።

የከሰሉ ጭስ አልቆ ፍሙ ሲቀላ «ጠርቷል፣ አሁን ይግባ» እንላለን። ዘመዶቼ ይሉታል፣ ዲግሪ ያላቸው ደንበኞቼም ይሉታል። ጠርቷል የተባለው ፍም በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም፣ ዓይን አያቆጠቁጥም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሰውዬው እየተነፈሰ ይታፈናል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ይመጣል። ነቅቶ ያለ ሰው ምናልባት ተንፏቆ በሩን ይከፍት ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይነቃም። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል እንጂ ከዚህ አያድንም። ፍሙን አመድ ማልበስም፣ አጠገቡ ውሃ ማስቀመጥም አያድንም።

አንድ ጊዜ በጉለሌ በኩል አንዲት ሰርቪስ ቤት እንድጠግን ተጠራሁ። እዚያች ክፍል ውስጥ ከገጠር መጥተው የቀን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ወንድምና እህት ሞተዋል፤ አርባቸው ገና መውጣቱ ነበር። አከራያቸው ለሚቀጥለው ተከራይ ግድግዳው እንዲለሰንላቸው ፈለጉ። ገብቼ ሳይ መስኮቱ በአሮጌ ልብስ ተጠቅጥቋል፣ ከበሩ ሥር የስፖንጅ ቁራጭ ገብቷል። ከጣራው ሥር ያለው ክፍተት በሙሉ በላስቲክ ተሸፍኖ ዙሪያውን በሚስማር ተመቷል። ሥራው የተጣደፈ ሰው ሥራ አልነበረም። ሚስማሩ በእኩል ርቀት ተሰልፏል፣ የላስቲኩ ጠርዝ ታጥፎ ተደርቧል። ልጁ እህቱ እንዳይበርዳት ምን ያህል እንደተጠበበ ያስታውቃል። ከላስቲኩ ጀርባ ያለው ስንጥቅ እጄን ያስገባ ነበር። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት እንደነገሩኝ ልጁ ይህ ስንጥቅ እንዲመረግ አከራይዋን ደጋግሞ ጠይቋል። ለዚያ ሥራ የሚበቃው አንድ ጋሪ አፈርና አንድ ጆንያ ጭድ ነበር።

አከራይዋ ከደጅ ቆመው «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ቀናቸው ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር። እኔን ግን ከዚያን ዕለት ጀምሮ ይህ ነገር አልተወኝም። ቀናቸው ከሆነ ስንጥቁ ምንድን ነው? ስንጥቁ ቢመረግ ኖሮ ቀኑ አይደርስም ነበር? አይደርስም ካልን እግዚአብሔር የቆረጠውን ቀን አንድ ጆንያ ጭድ ይለውጠዋል ማለታችን ነው። ይደርስ ነበር ካልን ደግሞ ግድግዳ መመረግ፣ መድኃኒት መዋጥ፣ ልጅን ከመንገድ መመለስ ሁሉ ከንቱ ድካም ሆነ።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ ስለ ቤት ሥራ የተነገረ አንድ ሕግ አለ። ቤት የሚሠራ ሰው ለጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ እንዳይሆን። በእስራኤላውያን አገር ጣራው ጠፍጣፋ ስለነበር ሰው ይወጣበት፣ ያድርበት ነበር። የሞት ቀን በእጁ ያለ አምላክ ግንበኛን ስለ መከታ ያዘዘው ለምንድን ነው? የሚወድቀው ሰው ቀኑ ከደረሰ ይወድቃል፣ ካልደረሰ አይወድቅም ብሎ መተው ይችል ነበር። አልተወም። ደሙን ከቤቱ ባለቤት ይፈልጋል። ይህን ሕግ ባነበብኩ ቁጥር ስለ እኔ ሙያ የተጻፈ ይመስለኛል፤ በእኛ ከተማ ቤት መከታው የተመረገ ግድግዳና የሚከፈት መስኮት ነው።

ከእስራኤል ለዘመድ ጥየቃ የመጣ አንድ ጎንደሬ፣ በዚያ አገር የሃይማኖት ትምህርት የተማረ ወጣት፣ ይህን ጥያቄ ሳነሳበት የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ ያሉትን አጫወተኝ። ሊቃውንቱ በዚህችው የመከታ ሕግ ላይ ተከራክረዋል። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ ያ ሰው ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ መውደቅ ተወስኖበት ይሆናል፤ አንተ ግን የውድቀቱ ምክንያት አትሁን፤ በጎ ነገር በበጎ ሰው እጅ፣ ክፉ ነገር በበደለኛ እጅ ይመጣልና። ከዚህ የበለጠ የደነቀኝ ሌላ ቦታ ላይ ያሉት ነው። ሁሉ ነገር በሰማይ እጅ ነው ይሉና አንድ ነገር ብቻ ለይተው ያወጣሉ፤ እርሱም ብርድና ሙቀት ነው። ከብርድና ከሙቀት ሰው ራሱን ሊጠብቅ ይችላልና በዚህ የደረሰበትን በሰማይ አያሳብብ ማለታቸው ነው። የሕይወትንና የሞትን ነገር ሁሉ ለፈጣሪ የሰጡ ሰዎች የመኝታ ቤትን ብርድ ለይተው ለሰው ማስረከባቸው እጅግ ያስገርመኛል።

መርካቶ አጠገብ የአንድ ሐጂን አሮጌ ቤት ስጠግን ይኸው ጨዋታ ተነሳ። ሐጂ ሻይ አስመጥተው፣ ከአጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ሐዲስ ነገሩኝ። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ነገሩ ለነቢዩ ሲነገራቸው የአላህ ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብለው አላለፉትም፤ እሳት ጠላታችሁ ነው፣ ስትተኙ አጥፉት ብለው አዘዙ። ሐጂ «ቀደርን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ እሳቱን አጥፉ ያሉንም እሳቸው ናቸው» አሉ። እኔም በበኩሌ የሕዝቅያስን ታሪክ አነሳሁላቸው። ንጉሡ በቁስል ታሞ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ ትሞታለህ ብሎት፣ አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ተጨመረለት። ዕድሜ የጨመረለት አምላክ ቁስሉን ያለ ምንም ነገር ሊያድን ይችል ነበር፤ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ አለ። የተቆረጠ ቀን እንኳ በጸሎት ይለወጣል፤ ተለውጦም በለስ ይፈልጋል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ «የናንተም የኛም መጽሐፍ መድኃኒት አይጠላም» ብለው ልጃቸውን ጠሩና በመኝታ ቤታቸው ያለውን የከሰል ምድጃ በረንዳ ላይ አስወጡት።

ንስሐ አባቴ ግን ይህን ሐሳቤን ስነግራቸው በቀላሉ አልለቀቁኝም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ልጇ እንዳይበርደው ብላ ከሰሉን በገዛ እጇ ያስገባች እናት ስታለቅስ ምን ልትላት ነው? ቀኑ አልነበረም ልትላት ነው?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በጥድፊያ ልመልሰው አልሻም። ለዚያች እናት ያን ቃል መከልከል ጭካኔ ነው። እርስዋ በፍቅር ያደረገችውን አድርጋለች፣ ጋዙን አታየውም፣ ማንም አልነገራትም። የልጇ ነፍስ ከእግዚአብሔር እጅ እንዳልወጣች መስማት ይገባታል። ነገር ግን ለእርስዋ መጽናኛ የሆነው ቃል መምረግ ለተሳነው አከራይ፣ ቤቱ እንደፈረሰ እያወቀ ኪራይ ለሚሰበስብ፣ ምእመኑ በከሰል ሲያልቅ ከዓመት ዓመት ፍትሐት አድርጎ ከዐውደ ምሕረት ላይ አንዲት ቃል ለማይናገር ካህን መደበቂያ መሆን የለበትም። እግዚአብሔር ቀኑን ማወቁ መስኮቱን መድፈኑ አይደለም። አባቶቻችን አምላክ አስቀድሞ ያውቃል እንጂ ሰውን ገፍቶ ወደ ክፉ አይጥለውም ብለው አስተምረውናል፤ የምናወራው ስለ ኃጢአት ሲሆን ይህን ሁላችንም እንቀበለዋለን፤ ስለ ግድግዳ ስናወራ ግን እንረሳዋለን። የራሳችንን ስንፍና በእግዚአብሔር ስም መጻፍ ስሙን በከንቱ ከመጥራት ምን እንደሚለየው አላውቅም። አባ ይህን ስላቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ስለ ከሰል ተናገሩ።

ድሃው ራሱ ደፍኖ ራሱ ከሰል አስገብቶ ሞተ፣ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች በታህሳስ ሌሊት በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ቢያድሩ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱ በኋላ ኪራያቸው ጥቂት ብር ሆኖ ኖሯል፤ በዚያ ገንዘብ ቤት አይጠገንም። ተከራዩም ያለ ፈቃድ ማደስ አይፈቀድለትም፣ ቢያድስም የእኔ ይሆናል ብሎ አያምንም። እንዲህ ሆኖ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፣ ግድግዳውም አለፈ። አራስ ያለባት ቤት ከሆነች በአንድ በኩል የሕፃኑ ሳንባ ምች፣ በሌላ በኩል ከሰሉ አለ፤ ያች እናት የምትመርጠው ከሁለት ሞት አንዱን ነው። አሁን ብዙዎቹ የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም እየሄደ ነው። ከሰሉም አብሮ ደረጃውን ይወጣል። የብሎኬትና የብረት መስኮት ክፍል ከጭቃው ይልቅ ይበርዳል፣ ከጭቃውም ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ቤት ሲፈርስ አደጋው አብሮ ፈረሰ ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ብርድን የፍርድ ጉዳይ አድርጎ ነው የሚያየው። የድሃን ልብስ በመያዣ የወሰደ ሰው ፀሐይ ሳትገባ እንዲመልስ ኦሪት ዘጸአት ያዛል፤ ያ ልብስ የሌሊት መሸፈኛው ነውና፣ ወደ እግዚአብሔር ቢጮህ ይሰማዋልና። ሐዋርያው ያዕቆብ እምነት ያለ ሥራ የሞተ መሆኑን ሊያስረዳ ሲነሳ ካመጣቸው ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው፤ የታረዘውን ወንድም ምንም ሳይሰጡት በደኅና ሂድ፣ እሳት ሙቅ ብሎ ማሰናበት። የመራጊ ዓይን ስላለኝ ይሆናል፣ አንድ ሌላ ነገርም አይቻለሁ። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ብርድ ስለነበር ሎሌዎቹ የከሰል ፍም አንድደው ጴጥሮስም አብሯቸው ይሞቅ እንደነበር ወንጌል ይነግረናል። ያ እሳት የነደደው በግቢው ውስጥ፣ ከሰማይ በታች ነበር።

ስለዚህ ምን ይደረግ ለሚለው የምለው ይህ ነው። ከሰል ደጅ ይነደድ፣ ደጅ ይቅር። ለመኝታ የሚያስፈልገው ሙቀት በሌላ መንገድ ይገኛል፦ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ብርድ ልብስ ውስጥ ማድረግ፣ ጋቢ መደረብ፣ አልጋን ከውጪኛው ግድግዳ ማራቅ። ስንጥቅ በጭቃና በጭድ ይመረግ፤ ኮርኒስ ይወጠር፤ መስኮት ግን መከፈት የሚችል ይሁን። የግድግዳ ብርድ በኮርኒስና በምርጊት ሲቀንስ ሰው ከሰል ለማስገባት አይገደድም፤ ምክር ብቻውን በብርድ የሚንቀጠቀጥን ሰው እንደማያቆመው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በራስ ምታት የነቃ ሰው ካለ በሩን በርግዶ ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጣ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የመጨረሻ ቃሌ ለእድር ዳኞች ነው። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው፤ ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። የሰፈሩን ቤት ሁሉ የሚያውቅ፣ ማን አረገዘ፣ ማን አረጀ፣ ማን ብቻውን ይኖራል የሚለውን በስሙ የሚቆጥር ከእድር ሌላ ማንም የለም። ከወርሃዊው መዋጮ ጥቂት ቀንሳችሁ በየዓመቱ ከጥቅምት በፊት የአራሶችንና የአረጋውያንን ክፍል ዞራችሁ እዩ፤ የተሰነጠቀውን አስመርጉ፣ የተቀደደውን ኮርኒስ አስተኩ፣ የተደፈነውን መስኮት ክፈቱ። ለአከራዩም በእድር ስም ንገሩት፤ ድሃ ተከራይን የማይሰማ እድርን ይሰማል። አፈርና ጭድ ውድ አይደለም። በእኔ ሰፈር መራጊ ከጠፋ እኔ አለሁ፣ ለዚህ ሥራ የእጅ ዋጋ አልጠይቅም።